ለኢሚኖቴራፒ ታካሚዎችና ለአስታማሚዎቻቸው፦ አንጀትን በቤት ስለማከም የተሰጠ ማሳሰቢያ

ካንሰር ታሞ ኢሚኖቴራፒ የተባለውን ሕክምና የጀመረ፣ ወይም ለመጀመር ቀን የተቆረጠለት ሰው በቤታችሁ ካለ ይህ ማሳሰቢያ ለእናንተ ነው። በተለይም ለምታስታምሙት። ታማሚ ብዙ ጊዜ የሚውጠው አስታማሚው ያቀበለውን ነውና።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። ሐኪሙ ሳያውቅ አንቲባዮቲክ አትስጡት። «ለአንጀት የሚጠቅም ባክቴሪያ» እየተባለ የሚሸጠውን ክኒንና ዱቄት አትግዙለት። ተቅማጥ ከያዘው «አሜባ ይሆናል» ብላችሁ በቤት አታክሙት፤ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ደውሉ። ሐኪሙ ራሱ አንቲባዮቲክ ካዘዘ ደግሞ አትከልክሉት። ከዚህ በታች የምጽፈው የእነዚህ ነገሮች ምክንያት ነው። «አትውሰድ» የተባለ ሰው ለምን እንደሆነ ካልገባው ሦስት ቀን ይታገሥና በአራተኛው ቀን ይውጣል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቴል አቪቭ፣ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ዱባይ የሄደ ሻንጣ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፤ ከሥር ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ መድኃኒት። አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮ፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ቲኒዳዞል። ባሕር ማዶ ያለው ዘመድ «እዚህ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጡልኝም» ብሎ አስልኮ ነው፤ እናት ወይም እህት በፍቅር አሽጋ ልካለች። እዚህ አገር ቤትም ሕጉ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ቢከለክልም፣ ፋርማሲ ገብቶ «ሆዴን እየቆረጠኝ ነው» ብሎ ክኒን ይዞ መውጣት የተለመደ ነገር ነው። ከባለፈው ሕመም የተረፈውን አስቀምጦ ለሚቀጥለው መጠቀም፣ ለጎረቤት ማካፈልም እንዲሁ። ይህ ልማድ ለማንም ጤና አይበጅም። ኢሚኖቴራፒ ለሚወስድ ሰው ግን ከሌላው የከፋ ጉዳት ሊያመጣበት ይችላል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከመድኃኒቱ እንጀምር። ሰውነታችን ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉት፤ ሥራቸው እየዞሩ ባዕድ የሆነውን ወይም የተበላሸውን ሕዋስ መግደል ነው። እነዚህ ሕዋሳት ያገኙትን ሁሉ እንዳይፈጁ ተፈጥሮ ፍሬን አበጅታላቸዋለች። ካንሰር ያን ፍሬን መርገጥ ያውቅበታል፤ ቲ ሴሉ አጠገቡ ደርሶ ቆሞ ይቀራል። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ሁለት የተለያዩ ፍሬኖችን አጥንተው፣ ፍሬኑ ሲለቀቅ ቲ ሴሎቹ ካንሰሩን እንደሚያጠቁ በማሳየታቸው በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ፍሬን ፈቺ መድኃኒት ኢፒሊሙማብ በአሜሪካ በ2011 ተፈቀደ፤ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የሚታወቁት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ደግሞ በ2014። ብዙዎች የሚያውቋቸው ኪትሩዳና ኦፕዲቮ በሚባሉት የንግድ ስሞቻቸው ነው።

መድኃኒቱ እንደ ኬሞ ራሱ ካንሰሩን አይገድልም። የሚገድለው የታማሚው የራሱ መከላከያ ነው። መድኃኒቱ የተሳካላቸው አንዳንድ ሰዎች ከዓመታት በፊት ተስፋ ይቆረጥበት በነበረ ደረጃ ላይ ካለ ካንሰር ጋር ረጅም ዕድሜ ኖረዋል። ብዙዎች ደግሞ ያንኑ መድኃኒት፣ በዚያው መጠን ወስደው ምንም አልረዳቸውም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ካንሰር ይዟቸው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ አንድ መድኃኒት በደም ሥራቸው እየተንጠባጠበ ለምን አንዱ ይድናል፣ አንዱ አይድንም? የዚህ ጥያቄ መልስ ከፊሉ አንጀት ውስጥ የተገኘው ማንም ሳይጠብቀው ነው።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ጋየቭስኪ ቡድን ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ካንሰር በአይጦች ላይ ያጠና ነበር። አይጦቹ የዘር ሐረጋቸው አንድ ቢሆንም የተገዙት ከሁለት የተለያዩ አርቢዎች ነው። ከአንደኛው አርቢ በመጡት ላይ ካንሰሩ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከሌላው በመጡት ላይ ይፈጥናል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ቤት ውስጥ አብረው አኖሯቸው። አይጥ የሌላዋን አይጥ ኩስ ትበላለች፤ አብሮ የኖረ በአንጀቱ ያለውንም ይጋራል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ከዚያ ካንሰሩን ከሚቋቋሙት አይጦች ኩስ ወስደው ለማይቋቋሙት ሰጡ፤ የነዚያም ካንሰር ዘገየ። ኢሚኖቴራፒው ሲጨመርበት ደግሞ እድገቱ የቆመ ያህል ሆነ። በኩሱ ውስጥ ለይተው ያገኙት ቢፊዶባክቴሪየም የተባለ የባክቴሪያ ወገን ነበር።

በዚያው ወቅት በፓሪስ አቅራቢያ ባለው ጉስታቭ ሩሲ የካንሰር ተቋም የሎሬንስ ዚትቮጌል ቡድን በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። አንጀታቸው ምንም ባክቴሪያ የሌለበት አይጦች፣ ወይም አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸው አንጀታቸው የጸዳ አይጦች፣ ኢፒሊሙማብን የሚመስለው መድኃኒት ሲሰጣቸው አልሠራላቸውም። አንዳንድ የባክቴሪያ ዓይነቶች መልሰው ሲገቡላቸው መድኃኒቱ መሥራት ጀመረ። ሁለቱም ጥናቶች በኅዳር 2015 በሳይንስ መጽሔት አብረው ታተሙ።

«ይህ የአይጥ ነገር ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው። በ2018 መጀመሪያ ግን በሰው ላይ የተሠሩ ሦስት ጥናቶች ወጡ፤ ከቺካጎ፣ ከፓሪስና በሂውስተን ካለው ኤምዲ አንደርሰን ማዕከል። ሦስቱም መድኃኒቱ የሠራላቸውና ያልሠራላቸው ታማሚዎች በዓይነ ምድራቸው የሚገኙት ባክቴሪያዎች እንደሚለያዩ አሳዩ። የፓሪሶቹ 249 ታማሚዎችን ተመለከቱ፤ ከእነዚህ 69ኙ ኢሚኖቴራፒ ሊጀምሩ ሲሉ ወይም እንደጀመሩ በተለመደ ምክንያት፣ ለጥርስ፣ ለሽንት ቧንቧ፣ ለሳንባ፣ አንቲባዮቲክ ወስደው ነበር። የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ ጊዜ ኖሩ። ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱ ከሠራላቸው ሰዎች ዓይነ ምድር ወስደው ባክቴሪያ ለሌላቸው አይጦች ሲሰጡ አይጦቹም በመድኃኒቱ ተጠቀሙ፤ ካልሠራላቸው ሰዎች የተወሰደው ሲሰጣቸው አልተጠቀሙም። ለእነዚህ ላልተጠቀሙት አክርማንሲያ የተባለ በአንጀት ልጋግ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ሲጨመርላቸው መድኃኒቱ መሥራት ጀመረ።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሥራ 239 የሳንባና 121 የኩላሊት ካንሰር ታማሚዎችን ተከተለ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ኢሚኖቴራፒ ከመጀመራቸው በፊት ባሉት 30 ቀናት አንቲባዮቲክ ወስደዋል ወይ? ከሳንባ ታማሚዎች መካከል የወሰዱት አማካይ የሕይወት ጊዜ 7.9 ወር ሆነ፤ ያልወሰዱት 24.6 ወር። በኩላሊት ካንሰር 17.3 እና 30.6 ወር። በ2019 ከእንግሊዝ የተመራ ጥናት 196 ታማሚዎችን አይቶ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የተወሰደ አንቲባዮቲክ ከከፋ ውጤት ጋር እንደሚያያዝ፣ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ የተወሰደው ግን ያን ያህል እንደማይያያዝ አሳየ። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የምንፈራው ጊዜ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ያለው ወር ነው። የሚያሳዝነው፣ ቤተ ዘመድ ተጨንቆ ያገኘውን ክኒን ሁሉ የሚያቀርበውም በዚሁ ወር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ መናገር አለብኝ። አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ሰዎች ሲጀመርም ይበልጥ የታመሙ፣ የተዳከሙ፣ ሳንባቸው የቆሰለ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀድመው የሞቱት በመድኃኒቱ ሳይሆን በዚያ ሊሆን ይችላል። ይህን ጥርጣሬ ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ያነሱታል፤ ቁጥሮቹ ብቻቸውን አይመልሱትም። እኔን የሚያሳምነኝ የአይጦቹ ሙከራና የታማሚዎቹ ቁጥር ወደ አንድ አቅጣጫ መጠቆማቸው ነው። በ2023 የፓሪሱ ቡድን አንዱን መንገድ አሳይቷል፦ አንጀት ውስጥ የበሽታ መከላከያን የሚያረጋጉ ሕዋሳት አሉ፤ እነዚህን እዚያው አስሮ የሚይዛቸው በአንጀት ደም ሥሮች ላይ ያለ እንደ መንጠቆ ያለ ነገር ነው። አንቲባዮቲክ የአንጀቱን ባክቴሪያ ሲያዛባ መንጠቆው ይሳሳል፤ ሕዋሳቱ አንጀቱን ለቀው ወደ ካንሰሩ እባጭ ይሄዳሉ፤ እዚያም ካንሰሩን ሊያጠቁ የመጡትን ቲ ሴሎች ያበርዷቸዋል። መድኃኒቱ ከፊት የለቀቀውን ፍሬን ከኋላ ሌላ እንደሚረግጠው ነው።

ታዲያ አንቲባዮቲክ ጨርሶ ይቅር ማለት ነው? አይደለም። ይህን በተቻለኝ መጠን ጮክ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ያለው ማሳሰቢያ በግማሽ ከተሰማ ሰው ይገድላልና። የካንሰር ታማሚ ሰውነቱ ደክሟል፤ ኬሞም አብሮ የሚወስድ ከሆነ ነጭ የደም ሕዋሱ ሊያንስ ይችላል። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ትንፋሹ ካጠረ፣ ይህ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም መመረዝ ሊሄድ የሚችል ነገር ነው፤ አንቲባዮቲኩ ያን ጊዜ ነፍስ አዳኝ ነው። «ኢሚኖቴራፒዬን ያበላሽብኛል» ብሎ መድኃኒቱን እምቢ ያለ ሰው የሚጠብቀውን ኢሚኖቴራፒ ሳያይ ሊቀር ይችላል። የጥያቄው ልክ ይህ ነው፦ መድኃኒቱ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ፣ ካስፈለገስ የቱ ዓይነትና ለስንት ቀን? ይህን መወሰን የሚችለው መርምሮ ያየ ሐኪም ነው። ለጉንፋን፣ ለጉሮሮ መከርከር፣ ለራስ ምታት፣ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚዋጠው ግን በቫይረስ ለሚመጣ ሕመም ምንም ሳይጠቅም አንጀትን ብቻ ጎድቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ ተቅማጥ ልምጣ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

የመከላከያው ፍሬን ሲለቀቅ ቲ ሴሎቹ ካንሰሩን ብቻ አይደለም የሚያጠቁት። ጤነኛውን አካልም ሊያጠቁ ይችላሉ፦ ቆዳን፣ ጉበትን፣ ሳንባን፣ የእንቅርት ዕጢን፣ አንጀትን። አንጀት ሲጠቃ ኮላይተስ ይባላል፤ ምልክቱም ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ አንዳንዴ ንፍጥና ደም ነው። ኢፒሊሙማብ ለሚወስዱ፣ በተለይም ሁለት ፍሬን ፈቺዎች አብረው ለሚሰጧቸው ሰዎች ይበልጥ ያጋጥማል። ከመጀመሪያው መርፌ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ከወራት በኋላም፣ ሕክምናው ከቆመ በኋላም ሊመጣ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት በስቴሮይድ፣ ያም ካልበቃ በሌሎች መድኃኒቶች ይታከማል። ከዘገየ አንጀት እስከመበሳት ይደርሳል፤ ሰዎች ሞተውበታል።

እኛ ዘንድ ተቅማጥ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ምንድን ነው? «አሜባ ነው።» ወይም «ጃርዲያ ነው፣ ቲኒ ውሰድ።» አራት ክኒን በአንድ ጊዜ ተውጦ ጉዳዩ ይዘጋል። ይህ ለኢሚኖቴራፒ ታማሚ ሁለት እጥፍ ጉዳት ነው። አንደኛ፣ አንቲባዮቲኩ ከላይ ያየነውን የአንጀት ማኅበር ያናጋበታል። ሁለተኛና የከፋው፣ ኮላይተሱ በውስጥ እየነደደ «መድኃኒት ወስጃለሁ፣ ይሻለኛል» እየተባለ ቀናት ይነጉዳሉ። ተቅማጡን የሚያስር ክኒን መውሰድም ሕመሙን ይደብቀዋል እንጂ አያክመውም። በእርግጥ ጥገኛ ተሕዋስም ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚለየው የዓይነ ምድር ምርመራና የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ ግምት አይለየውም።

ለዕረፍት ወይም ለለቅሶ ወደ አገር ቤት የሚመጡትን እዚህ ላይ አብዝቼ አስባለሁ። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ በየሦስት ሳምንቱ መርፌውን የሚወስድ ሰው በሁለት መርፌዎች መካከል ይመጣል። ውሃው ተለወጠ፣ ምግቡ ተለወጠ፣ ተቅማጥ ጀመረው፤ በአቅራቢያው ያለ ክሊኒክ ገባ። ኢሚኖቴራፒ በአገራችን ገና ጥቂቶች የሚያገኙት፣ ዋጋውም ከብዙው ሰው አቅም በላይ የሆነ ሕክምና ስለሆነ የክሊኒኩ ባለሙያ እንዲህ ያለ ታማሚ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? «ካንሰር አለብኝ» ማለት አይበቃም፤ ብዙ ሰው ካንሰር ሲባል ኬሞን ብቻ ነው የሚያስበው። የመድኃኒቱን ስም፣ የመጨረሻውን መርፌ ቀንና የሐኪማችሁን ስልክ የያዘ ወረቀት ከፓስፖርታችሁ ጋር ይኑር። ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ሄደው ሕክምናውን ጀምረው የተመለሱም እንዲሁ ያድርጉ።

ጠበል የሚጠጡ ታማሚዎች ብዙ ናቸው፤ እምነታቸውን የሚነካ ቃል ከእኔ አይወጣም። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ። ብዙ ጠበል የጠጣ ሰው ማስመለሱንና ማስቀመጡን «እያጠበኝ ነው» ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ኢሚኖቴራፒ ላይ ላለ ሰው ይህ አደገኛ መደበቂያ ይሆናል፤ የጠበሉን ተቅማጥ ከኮላይተስ በዓይን መለየት አይቻልምና። ኮሶና ሌላ የሚያስቀምጥ የባህል መድኃኒት በዚህ ጊዜ ጨርሶ ይቅር። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም እንዲሁ ይቆዩ፤ በጥሬ ሥጋ የገባ ተሕዋስ መጨረሻው አንቲባዮቲክ ሊሆን ይችላል፤ አንቲባዮቲኩን ለማስቀረት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ደግሞ መጀመሪያውኑ በተሕዋስ አለመያዝ ነው።

«ባክቴሪያው የሚጠቅም ከሆነ ገዝተን እንስጠው» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ተፈጥሯዊ ሐሳብ ነው። ፕሮባዮቲክ የሚባለውን እንዲህ ያለ ባክቴሪያ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ይህን ያውቃሉ። በ2021 የኤምዲ አንደርሰን ቡድን በሜላኖማ ታማሚዎች ላይ ባወጣው ጥናት በቀን 20 ግራምና ከዚያ በላይ ፋይበር፣ ማለትም አሰር፣ የሚመገቡት ካንሰሩ ሳይባባስባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። ከሁሉም የተሻለ ውጤት የታየው አሰሩን እየበሉ የፕሮባዮቲክ ክኒን በማይወስዱት ላይ ነበር። በአይጦች ላይ ደግሞ በሱቅ የሚሸጡት ፕሮባዮቲኮች መድኃኒቱን ሲያዳክሙት ታይተዋል። ቀደም ብሎ በ2018 በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም የተሠራ ሥራ ጤነኛ ሰዎች አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ ፕሮባዮቲክ ሲጨምሩ የራሳቸው የአንጀት ባክቴሪያ ተመልሶ ለመቋቋም ይበልጥ እንደዘገየ አሳይቷል። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም። በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች ናቸው፤ አንዱን ወይም ሁለቱን በብዛት መጨመር ብዙ ዓይነት እህል ያለበትን ማሳ በአንድ ዘር እንደመሸፈን ነው።

እርግጥ በካሊፎርኒያው ሲቲ ኦፍ ሆፕ በ30 የኩላሊት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የተሞከረ አንድ የተለየ የባክቴሪያ ዝግጅት በ2022 ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይቷል። ያ ግን ዓይነቱ የታወቀ፣ በሐኪሞች ክትትል ሥር የተሰጠ ነው፤ ጥናቱም ትንሽ ነው። ከመደርደሪያ ላይ ተነሥቶ ከሚገዛው ብልቃጥ ጋር አንድ አይደለም። በሐኪማችሁ አማካይነት እንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ጠይቁ፣ አስቡበት። በራሳችሁ ግን አትሞክሩት።

ለዚህ እኛ የታደልነው ምግብ አለን፤ ይህን ስጽፍ በእውነት ደስ ይለኛል። አንድ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር ስምንት ግራም ያህል አሰር አለው። ሽሮው፣ የባቄላ ክኩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ፣ የጤፍ እንጀራው ሁሉ አሰር ያላቸው ናቸው። የጾም ማዕድ ከሞላ ጎደል ይህ ነው። ለታማሚ ክብር ሲባል ምስር ወጡ ተነሥቶ ነጭ ዳቦ፣ ብስኩትና ጣፋጭ ጭማቂ መተካቱ፣ በፍቅር ቢሆንም፣ የአንጀቱን ባክቴሪያ ምግብ መንጠቅ ነው። ነገር ግን ምስር ካንሰር አይፈውስም፤ እንዲህ የሚል ካጋጠማችሁ አትስሙት። አንጀቱ ለጠበበበት፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና ላደረገ ወይም ኮላይተስ ለያዘው ሰው አሰር ሊጎዳው ስለሚችል ምግቡን ሐኪሙ ይወስንለት። ክብደቱ እየቀነሰ ያለ ሰውም ረጅም ሰዓት ከመጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር፣ ካስፈለገም ከንስሓ አባቱ ጋር ይነጋገር።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያዬ ለመስማትም ያስጠላ ይሆናል፤ ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው ምንም ከማድረግ እንደማይመለስ አውቃለሁ። መድኃኒቱ ከሠራለት ሰው ዓይነ ምድር ወስዶ ላልሠራለት መስጠት በሰው ላይ ተሞክሯል። በ2021 በእስራኤል የሼባ ሕክምና ማዕከል ከ10 የሜላኖማ ታማሚዎች ሦስቱ፣ በአሜሪካ ፒትስበርግ ደግሞ ከ15ቱ ስድስቱ ቀድሞ እምቢ ያላቸው መድኃኒት ሠራላቸው። ካናዳ ውስጥ ሕክምናውን ገና ለሚጀምሩ 20 ሰዎች ከጤነኛ ሰው ተወስዶ ሲሰጥ 13ቱ ላይ ካንሰሩ መቀነሱ በ2023 ተዘግቧል። ዜናው ትልቅ ነው፤ የሰዎቹ ቁጥር ግን ትንሽ ነው። ሰጪዎቹም በደምና በዓይነ ምድር ጥብቅ ምርመራ የተመረጡ ናቸው። ምርመራው ሲጎድል ምን እንደሚሆን ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሰኔ 2019 አስታውቋል፦ መከላከያቸው የደከመ ሁለት ሰዎች ብዙ አንቲባዮቲኮችን የሚቋቋም ኢኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ከሰጪው ዓይነ ምድር ተላልፎባቸው አንዱ ሞቷል። ይህን በቤት ውስጥ፣ ከወንድምም ከእህትም ወስዶ መሞከር አይገባም። «የአንጀት ባክቴሪያህን መርምሬ ኢሚኖቴራፒ ይሠራልህ እንደሆነ እነግርሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣም ገንዘባችሁን ያዙ። በአንዱ አገር ታማሚዎች ላይ ጥሩ ሆነው የታዩት ባክቴሪያዎች በሌላው አገር ሲፈለጉ ብዙ ጊዜ እንደማይገጣጠሙ ታይቷል፤ ሐኪም በእርግጠኝነት ሕክምና የሚወስንበት ምርመራ ገና አልተገኘም።

ለጨጓራ ተብሎ በየቤቱ የሚወሰደው ኦሜፕራዞልም የአንጀት ባክቴሪያን እንደሚለውጥ ይታወቃል፤ በርካታ ጥናቶችም በኢሚኖቴራፒ ታማሚዎች ላይ ከደካማ ውጤት ጋር አያይዘውታል። በራሳችሁ አታቁሙት፤ ለአንዳንድ ሰው የግድ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከዓመታት በፊት ተጀምሮ ለምን እንደሚወሰድ የተረሳ ከሆነ «አሁንም ያስፈልገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ አውጡ፤ ከመሳቢያው፣ ከፍሪጁ አናት፣ ከሻንጣው ኪስ። ክኒኑንም፣ ሽሮፑንም፣ የባህል መድኃኒቱንም፣ በፖስታ የመጣውን ዱቄትም በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሐኪሙ ፊት ጠረጴዛው ላይ አፍስሱት። ባለፉት ሁለት ወራት የተዋጠ አንቲባዮቲክ ካለ ስሙንና ቀኑን ንገሩት፤ ይቆጣል ብላችሁ አትደብቁ። የሚያም ጥርስ ካለ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መታየቱን አንሡለት። ከሥራ ሰዓት ውጭ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ቢመጣ የሚደወልበትን ቁጥር ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ያስታማሚውም የታማሚውም ስልክ ላይ ይመዝገብ።